መሰላሉ ከየት ይጀምራል? ስለ ኮዲንግ መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች አመራረጥ የቀረበ ሂስ

የትምህርት መሣሪያ የሚመዘነው በአሠራሩ ረቂቅነት ሳይሆን ለሚገለገልበት ተማሪ በሚሰጠው ጥቅም ነው። ይህ አባባል ለጥቁር ሰሌዳም፣ ለራዲዮም፣ ለቴሌቪዥንም የታወቀ ቢሆንም፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍን፣ በተለመደው አጠራር ኮዲንግን፣ ለማስተማር የተዘጋጁት መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ሲመረጡ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መሣሪያው በነፃ መገኘቱ፣ ስሙ መግነኑና በመጨረሻው የምስክር ወረቀት መስጠቱ ብቻ ታይቶ፣ ተማሪው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ሳይጠየቅ ይወሰናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታዋቂዎቹን መሣሪያዎች በየደረጃቸው መርምሮ፣ ምርጫው በምን ላይ መመሥረት እንደሚገባው ማመልከት ነው።

ለምርመራው ማነጻጸሪያ የተወሰደው የላስታ ደጋ፣ በተለይም ከላሊበላ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መብራትና ኢንተርኔት ባልተጓደለበት፣ ልጆች ከሕፃንነታቸው እንግሊዝኛ በሚሰሙበት ከተማ የመሣሪያው ጉድለት ተሸፍኖ ያልፋል። በላስታ ግን አይሸፈንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ተቋርጠው ቆይተዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚያገለግል መሣሪያ በሌላውም ስፍራ ያገለግላል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ያለፈው ልምድ

አዲስ መሣሪያ ወደ አገራችን ትምህርት ቤቶች ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት አዳርሷል፤ ይህም ቀላል ውጤት አይደለም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ይሰጥ ስለነበር፣ ወደ ኋላ የቀረው ተማሪ «ይደገምልኝ» የሚልበት መንገድ አልነበረውም። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ የሚለው ቅሬታ ሲሰማ ኖሯል።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተሰኘው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ለተማሪዎች ሲታደሉም ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። ኮምፒዩተሮቹ ጥሩ የፕሮግራም መማሪያዎች ነበሯቸው፤ መምህራኑ ግን በቂ ዝግጅት ስላላገኙ ብዙዎቹ ዕቃውን ትምህርት የሚያውክ መጫወቻ አድርገው ተመለከቱት። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ያለ መምህር ታብሌት የተሰጣቸው ሕፃናት ዕቃውን ከፍተው፣ የተቆለፈበትን ጭምር ፈትተው መጠቀማቸው በዓለም ተወርቷል። ይህ የልጅን የማወቅ ጉጉት ያስመሰክራል፤ ጉጉት ግን ሥርዓተ ትምህርት አይደለም። ልጁ ዕቃውን ከመክፈት አልፎ የራሱን ሐሳብ በትእዛዝ መልክ እንዲጽፍ ቀጣዩን እርከን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

የምርጫው መመዘኛዎች

ከዚህ ልምድ በመነሳት አራት ጥያቄዎችን ማስቀደም ይገባል። አንደኛ፣ ተማሪው መሣሪያው የተጻፈበትን ቋንቋ ያነባልን? ሁለተኛ፣ መሣሪያው ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራልን? ሦስተኛ፣ መሣሪያው ነገም ይኖራልን? ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ለጀማሪዎች ያወጣው ግራስሆፐር የተባለ መተግበሪያ በብዙዎች የተወደደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ተዘግቷል። ትምህርቱን በእርሱ ብቻ ያቀደ መምህር ከመንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

አራተኛውና ዋነኛው ጥያቄ፣ ተማሪው በመሣሪያው የራሱን ነገር ይሠራልን ወይስ የሌላውን ብቻ ይከተላል? የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ከባሕር ማዶ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ዋዜማውን፣ ሥላሴውን እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። መሰላሉ ረጅም ቢሆንም በመጀመሪያዋ እርከን ላይ ሳለ እንኳ ከሌላ ሰው የሰማውን ከመድገም አልፎ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ስሕተቱ ይታረምለታል። ትንሽ ግን ሙሉ የሆነ የራስ ሥራ፣ ከዚያም እርማት፤ የኮዲንግ ትምህርትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መሣሪያዎቹ በየደረጃቸው

በመጀመሪያው ደረጃ የሚገኘው ገና ማንበብን በመለማመድ ላይ ያለው ወይም ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቀው ተማሪ ነው። ለእርሱ የሚመረጠው መሣሪያ ጨርሶ መብራት የማይሻው ነው። በኒው ዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት፣ ያለ ኮምፒዩተር የኮምፒዩተር ሳይንስን የሚያስተምረው ስብስብ በካርቶን፣ በጠጠርና በገመድ ይሠራል። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥብ የተሣለባቸው አምስት ካርዶችን አንዳንዱን ገልጦ አንዳንዱን በመገልበጥ እስከ 31 መቁጠር ይቻላል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ልጆች የወሩን ቀን ሁሉ በአምስት ካርድ ማሳየት ይችላሉ፤ ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚይዝበት ምሥጢርም ይገለጥላቸዋል። ታብሌት በተገኘበት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተሠራው ስክራች ጁኒየር ትእዛዞቹን በሥዕል ስለሚያሳይ ማንበብን አይጠይቅም፤ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ሁለተኛው ደረጃ አማርኛን አጣርቶ የሚያነብ ተማሪ ነው። ለዚህ ደረጃ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች ብልጫ አለው። ትእዛዞቹ እንደ ተገጣጣሚ ጡብ እየተያያዙ ስለሚሠሩ በፊደል ስሕተት ሥራው አይሰናከልም፤ ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው። ከሁሉ በላይ ተማሪው የሚጀምረው ከባዶ ገጽ ስለሆነ የሚሠራው የራሱ ነው። ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። ባዶው ገጽ መምህር ለሌለው ጀማሪ ያስፈራል፤ ሥዕል በማንቀሳቀስ ብቻ ተደስቶ የሚቀረውም ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው ኮድ ዶት ኦርግ የተባለው ድረ ገጽ ይህን ጉድለት ይሞላል። እንቆቅልሾቹ ከቀላል ወደ ከባድ በጥንቃቄ የተደረደሩ ስለሆኑ ተማሪው የት እንደደረሰ ያውቃል። ነገር ግን እንቆቅልሹ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሁሉን የፈታ ልጅ የራሱን ፕሮግራም መጻፍ ላይችል ይችላል። ስለሆነም ሁለቱን ማፈራረቅ እንጂ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

ሦስተኛው ደረጃ ትእዛዝን በፊደል መጻፍ የሚጀምረው ተማሪ ነው። እዚህ ላይ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተመራጭ ነው። ፓይድሮይድ በተባለው መተግበሪያ አማካይነት በተራ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በተጨማሪም የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባና ከ2008 ጀምሮ ፓይተን 3 የየአገሩን ፊደል ከተቀበለ ወዲህ፣ ተማሪው ተለዋዋጮቹን «ዋጋ»፣ «ብዛት»፣ «ትርፍ» ብሎ በአማርኛ መሰየም ይችላል። በእንግሊዝኛ የሚቀሩት ጥቂት የትእዛዝ ቃላት ብቻ ናቸው። ይህ በብዙ መምህራን ዘንድ ገና ያልታወቀ ትልቅ ማቃለያ ነው።

ለዚህ ደረጃ መፈተኛ የሚሆን ሥራ በላስታ ሞልቷል። የባሕረ ሐሳብ ስሌት ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ሥልተ ቀመር ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ይህ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው 1 ሲቀነስ ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518፣ ቀሪው 13፣ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው። ተማሪው ይህን በስክራችም ሆነ በፓይተን በጥቂት መስመር ይጽፈዋል።

ቁም ነገሩ ግን የሚመጣው ተማሪው የ2005 ዓ.ም.ን ሲያሰላ ነው። 7505 ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ከዜሮ 1 ሲቀነስም ወንበሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ አበቅቴን 19፣ መጥቅዕን 11 ብሎ በልበ ሙሉነት ይመልሳል። የሁለቱ ድምር 30 ስለሆነ ማመሳከሪያው እንኳ ስሕተቱን አያጋልጠውም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ግን ቀሪ ሲጠፋ ወንበር 18 እንደሚሆን፣ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑም 12 መሆኑን ወዲያው ይናገራል። «ቀሪው ዜሮ ከሆነ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ መጨመር ለምን እንደሚያስፈልግ ተማሪው በዚህ ይረዳል፤ ማሽን የተባለውን እንጂ የታሰበውን እንደማይሠራም ይማራል። የዚህ ምሳሌ ዓላማ ሃይማኖት ማስተማር አይደለም። ለሌላው ተማሪ የእህል ዋጋ ስሌት ወይም የጳጉሜን 5 ወይም 6 መሆን ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ዋናው ነገር መልሱን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው መኖሩ ነው።

አራተኛው ደረጃ እንግሊዝኛን አንብቦ የሚረዳ፣ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ያለ ረዳት የሚጽፍ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ፍሪ ኮድ ካምፕ በነፃ የሚሰጠው ሰፊ ትምህርት ለእርሱ ይስማማል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በተባበረችበትና በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና የሚቀርቡት የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማት፣ የመረጃ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርቶችም በዚህ ደረጃ የሚመደቡ ናቸው።

ይህ ሥልጠና በነፃና ለሁሉም ክፍት መሆኑ የሚመሰገን ነው። ሂሱ ያለው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥና በቂ እንግሊዝኛን የሚጠይቅ እንደመሆኑ የመሰላሉ የላይኛው እርከን ነው። በአማራ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሲሰጥ ቆይቶ የማስተማሪያው ቋንቋ በ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ስለሚለወጥ፣ ከገጠር የመጣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ኮምፒዩተሩንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ ሊጋፈጥ ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ለቁጥር ማሟያ ብሎ ቢመዘግበው፣ የምስክር ወረቀት ሊያገኝም ላያገኝም ይችላል፤ ካቃተው ግን «አእምሮዬ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ ይደመድማል። በእውነቱ የጎደለው አእምሮው ሳይሆን ከእግሩ ሥር ሊኖሩ ይገባቸው የነበሩት ሦስት እርከኖች ናቸው። በትምህርት ሥራ ከባከነ ገንዘብ ይልቅ የሚጎዳው እንዲህ ያለው የተሳሳተ ፍርድ ነው።

ደረጃን ስለ መለየት

የተማሪን ደረጃ ለመለየት ዕድሜም ሆነ የክፍል ቁጥር በቂ ምልክት አይደለም። በአንድ የ8ኛ ክፍል ውስጥ ስልክ ከፍቶ የማያውቅና የወንድሙን ስልክ ጠግኖ የሚመልስ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፈተና አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ መንገዱን ለማያውቅ እንግዳ በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ጓደኛውም ቃል በቃል ይከተለው። መጻፍ ያቃተው ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ጽፎ ቅደም ተከተሉ የተፋለሰበት ከሁለተኛው ይጀምር። «ወንዙ ከሞላ በላይኛው መንገድ ሂድ» ብሎ ቅድመ ሁኔታ የጨመረው ለሦስተኛው ተዘጋጅቷል። አራተኛው ደረጃ ሦስተኛውን በሥራ ባስመሰከረና አጭር የእንግሊዝኛ መመሪያ አንብቦ በፈጸመ ብቻ ይከፈት።

ማጠቃለያ

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው አሳብ አጭር ነው። የሥልጠና ሪፖርት የተመዘገበውንና የምስክር ወረቀት ያገኘውን ሲቆጥር፣ ተማሪው የራሱ የሆነ ስንት ሥራ ሠርቶ ስንቱ እንደታረመለትም ይቁጠር። የሚታደሉት ኮምፒዩተሮች ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መሣሪያዎች አስቀድመው ተጭነውባቸው ይሂዱ። ከተማሪው በፊትም መምህሩ በየደረጃው ይለፍ። ለመምህራን ደግሞ፣ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ቢኖር እንኳ በቅኔ ቤት እንደሚደረገው የቀደመው ተማሪ ለኋለኛው ያስረዳ፤ ፕሮግራሙ በወረቀት ተጽፎና ተነብቦ ከታረመ በኋላ ወደ ማሽኑ ይቅረብ።

በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የቆመው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተሠራው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተነባበረ ነው። የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ሳይጠብቅ አልተቀመጠም። የላስታ ልጅ የኮዲንግ ትምህርትም በዚሁ ሥርዓት ከታች ከተነሳ የላይኛው እርከን የሚደረስበት ይሆናል።