ወይብ የሚሰወርበት

ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሲደርስ ገደሉን አይዞረውም፤ ሰርስሮ ይገባና በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ውሃው የኖራ ድንጋዩን ዘመን ከዘመን እያሟሟ የከፈታቸው መተላለፊያዎች ሲለኩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነዋል። ከሁሉ የምወደው የዓምዶቹን አዳራሽ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ግዙፍ ምሰሶዎች ጥበበኛ የጠረባቸው ይመስላሉ፤ ያለ መሮ፣ ያለ መዶሻ ያነጻቸው ግን ይኸው ወንዝ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም! ስፍራው የሼህ ሶፍ ዑመር መጠለያ እንደነበር ስለሚታመን ሙስሊሞች ለዚያራ ይመጡበታል፤ ጎብኚም ይህን አክብሮ ይግባ። የመጎብኛው ጊዜ በጋ ነው፣ ውሃው ሲጎድል። ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስላለ መንገዱን የሚያውቅ የአገሬው ሰውና ጠንካራ ባትሪ ያስፈልጋሉ።