የላይኛው አልጋ

ስለ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኑሮ ሲወራ የምሰማው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው የሹም ሪፖርት ነው። ይህን ያህል ሕንፃ ተገነባ፣ ይህን ያህል ተማሪ ተቀበልን፣ ይህን ያህሉ አለፈ፣ ይህን ያህሉ ወደቀ ይባላል። ሁለተኛው የተመራቂ ትዝታ ነው። የካፌው ሽሮ ቅጥነት፣ ትኋኑ፣ ውኃ የጠፋ ዕለት በጄሪካን የተደረገው ሩጫ፣ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የተቸከለው ሃንድአውት… ተስቆበት ያልቃል። ሪፖርቱም ትዝታውም ውሸት ናቸው አልልም። ግን በሁለቱም ውስጥ ፈልጌ የማጣው አንድ ሰው አለ፤ ከላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝና ቃል መመርመር አመሌ ነው። እስቲ የተማሪውን መዝገበ ቃላት እንየው። ተማሪ ‹‹ዩኒቨርሲቲ ገባሁ›› አይልም፤ ‹‹ግቢ ገባሁ›› ነው የሚለው። ግቢ በአማርኛችን የንጉሥ ቤትም ነው፣ የየራሳችን አጥርም ነው። (የስድስት ኪሎው እንኳ በእርግጥም የንጉሥ ቤት ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው።) ‹‹ካፌ›› የሚለው ቃል ደግሞ የምግብ አዳራሹ ስም ብቻ አይደለም፤ የሰውም መጠሪያ ሆኗል። ‹‹እሱ ካፌ ነው፣ እሷ ነን-ካፌ ናት›› ይባላል። ካፌ ማለት ግቢው የሚቀልበው ነው። ነን-ካፌ ማለት የምግቡን ገንዘብ በእጁ ተቀብሎ፣ ከቤት በሚላክለት ላይ ጨምሮ ውጭ የሚበላ ነው። በአንድ ክፍል አብረው አድረው ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ጎሳ ይሆናሉ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ የቃል ብዛት ውስጥ ግን፣ ሳያውቁት አብሮ ለተመደበ ሰው የሚሆን አንድ የረባ ቃል የለም። ‹‹የዶርም ልጅ›› ይባላል፣ በቃ።

እኔ ስድስት ኪሎ የገባሁት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የአስኮ ልጅ ነኝ፤ ዛሬም የምኖረው እዚያው ነው። አስኮን ለማያውቅ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታልና ከዊንጌት አልፎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው የአምቦ መንገድ ላይ ያለ፣ የጫማ ፋብሪካ ሰፈር ነው። ልጅ ሳለን አንዱ ጨዋታችን አስፋልት ዳር ቆሞ ወደ ወለጋ የሚያልፉትን አውቶቡሶች መቁጠር ነበር። አምቦ፣ ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ… ስሞቹን በቃላችን እናውቃቸዋለን። ከዚያ የመጣ ሰው ግን አናውቅም። ደምቢ ዶሎ ለእኛ አውቶቡስ እንጂ ከተማ አልነበረም።

ዶርም ስመደብ ከላይኛው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ ከደምቢ ዶሎ የመጣ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ወንድማማችነት አበበ ብዬ እንድጽፍ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይታገሠኝ። መጀመሪያ ያደረግነው መጣላት ነው። እሱ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ እኔ አልነሣም። እሱ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ በሹክሹክታ ይጸልያል፤ ለተኛ ሰው ደግሞ ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል። እኔን ያሳደጉኝ አያቴ በጾም ቀን ቅቤ የነካውን ማንኪያ የሚጠየፉ ነበሩ። እሱ በሁዳዴ ከሎከሩ ቅቤ የጠጣ ጭኮ አውጥቶ ‹‹ብላ እንጂ›› ይለኛል። ለእሱ ደግነት ነው፣ ለእኔ ፈተና። ሁለት ወር ያህል ከእግዜር ሰላምታ ያላለፈ ነገር ሳንነጋገር ከረምን።

ያስታረቀን ትኋን ነው። አልጋው ተነቅሎ፣ ውጭ ወጥቶ፣ የፈላ ውኃ ሊደፋበት ግድ ሆነ። ተደራራቢ አልጋ ደግሞ አንድ ሰው አይሸከመውም። በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በአንዱ እኔ ሆነን ደረጃውን ስንወርድ፣ ‹‹ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!›› እየተባባልን ሳቃችን መጣ። ከዚያ ወዲያ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ወሬ ተጀመረ። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት እንደሆነ፣ ቤታቸው ውስጥ ማንም እንደማይናገረው የሰማሁት ያኔ ነው። በክፍል ውስጥ ከምናነባቸው ድርሰቶች በአንዱ፣ አማርኛ እየሰባበረ የሚናገር የገጠር ሰው ነበር። መምህሩ ድምፁን እያስመሰለ ሲያነብ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ያ ልጅ አይስቅም ነበር። ለምን እንደማይስቅ የነገረኝ በክፍል ውስጥ አይደለም፤ ከላይኛው አልጋ ሆኖ፣ በጨለማ፣ ፊቴን ሳያይ ነው። ‹‹የአባቴ ድምፅ ነው›› አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ኋላ መምህር ሆኜ ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ባስተማርኩ ቁጥር ያች ዐረፍተ ነገር ከጎኔ ነበረች። ትራንስክሪፕቴ ላይ ግን ይህ ኮርስ የለም።

የእኔ ብቻ ዕድል እንዳይመስላችሁ። የተማሪዎችን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ምሁራን የሚያነሡት አንድ ነገር አለ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የነፃ ትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከዩጋንዳና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጥተው ከኢትዮጵያውያን ጋር ይማሩ ነበር። ኋላ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ ከእነሱ አንዱ ነው። ነፃነታችን ሲያኮራው የኖረው የእኛ ተማሪ፣ በቅኝ ግዛት ያደጉት እንግዶች ስለ ፖለቲካ ከእሱ ይበልጥ በድፍረት ሲናገሩ ሰምቶ ራሱን መጠየቅ ጀመረ ይባላል። ከመምህር የመጣ ትምህርት አልነበረም። አብሮ ከሚበላና አብሮ ከሚያድር ሰው የመጣ ነው።

ይህን ያስተዋለው ተማሪው ብቻ አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቦርዲንግ ኑሮ ታጠፈና ተማሪው ገንዘብ ተቀብሎ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ እንዲማር ተደረገ። ሰበቡ ብዙ ነው፤ ተማሪዎቹ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ያሰሙት የነበረው ግጥም ማስቆጣቱ ግን አንዱ ነው። እርምጃውን አልደግፍም። ነገር ግን ያ መንግሥት ቢያንስ አልጋ ምን እንደሚያስተምር ያውቅ ነበር።

የኋለኛው ዘመን ሕግ ይህንንም ረስቶታል። በ1996 ዓ.ም. የመጣውን የወጪ መጋራት ሥርዓት አስታውሱ። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ ሁለት ዓይነት ነው። የማስተማሪያውን ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ ይከፍላል። የምግቡንና የመኝታውን ግን ሙሉውን። ሕግን እንደ ድርሰት ማንበብ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ትምህርቱ አገርን ስለሚጠቅም አገር አብዛኛውን ትሸከማለች፤ እንጀራውና አልጋው ግን የራስህ ጉዳይ ነው እየተባለ ነው። እንግዲህ በዚህ ስሌት እኔ ከደምቢ ዶሎው ልጅ የተማርኩት የግል ጥቅም ነው ማለት ነው፣ እንደ ሳሙና!

አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ዶርም ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለረጅም ዓመታት የተበጀተው 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ብር ሆነ፤ 100 ብር የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። በ15 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ያበሉ ወጥ ቤቶች ሊሸለሙ ይገባል፤ የበሉትም እንደዚያው። የተራበ ሰው ስለ ብሔር ብሔረሰቦች አብሮነት ሲሰበክለት ቢያዛጋ አልፈርድበትም።

የምፈርድበት ሌላ ነገር ነው። ባስተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚደለደለው በስም ፊደል ተራና በትምህርት ክፍል ነበር። ዝርዝሩ በተለጠፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ተማሪው ራሱን በራሱ መልሶ ይደለድላል። ‹‹የአገሬ ልጅ እዚያ ማዶ ክፍል አለ፣ እንቀያየር›› ይባላል። ኅዳር ሲገባ ፎቁ የአገሪቱን ካርታ ይመስላል፤ ይህ ኮሪደር የእነ እገሌ፣ ያኛው የእነ እገሌ። አስተዳደሩ ያውቃል። አይቶ እንዳላየ የሚሆነው ጠብ ይቀንሳል ብሎ ነው። እውነት ነው፣ የአዘቦት ጠብ ይቀንሳል። ስለ ሳሙና፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጸሎት የሚነሣው ትንንሹ ጠብ ይቀርና ትልቁ አንድ ቀን ይመጣል። ደግሞስ የዶርም ኃላፊው ማነው? ፕሮክተር ነው። ሥራው ፍራሽና ሎከር ቆጥሮ ማስረከብ፣ ቆጥሮ መረከብ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ስለታጨቁት ስድስት ሰዎች የሚጠየቅ መምህርም ዲንም አላየሁም። ስለ ፍራሹ ግን ተጠያቂ አለ።

የመጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚጻፈውን ለዓመታት አነብ ነበር። ሳቁብኝ፤ ግን ደራሲው ያልታወቀ፣ ሳንሱር ያልነካው ሥነ ጽሑፍ ከዚያ የተሻለ የት ይገኛል? መጀመሪያ ላይ የነበረው ስለ መምህራን ቀልድ፣ ስለ ፍቅር ስንኝ፣ ስለ ካፌው እርግማን ነበር። ቀስ በቀስ ቀልዱ ሳሳ፣ የብሔር ስድብ ወፈረ። ጽዳት ሠራተኞቹ በዓመት አንዴ ቀለም ይቀቡታል። ሪፖርትም ላይ ‹‹ዕድሳት ተደርጓል›› ተብሎ ይገባል።

የ2012 ዓ.ም. ነገር ደራሽ ውኃ አልነበረም የምለው ለዚህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። እሳቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ተማሪው ፍራሹን ጥሎ ወደየቤቱ መሸሽ ጀመረ። በኅዳር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤተሰቦቻቸው በመጓዝ ላይ የነበሩ ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በመንገድ ላይ ታገቱ። መንግሥት በጥር ብዙዎቹ ተለቀዋል አለ፤ ወላጆች ልጆቻችንን በዓይናችን አላየንም አሉ። እኔ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ የአውቶቡሶቹን ስም አስብ ነበር። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ለቤዛ ገንዘብ የሚለምኑ ቤተሰቦችን ድምፅ ሰማን።

በዚያው ክረምት ነው ጎረቤቴ የመጡት። የጫማ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ 12ኛ ክፍልን ተፈትና ውጤት ስትጠብቅ ነበር። የ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቶቹ 3.2 በመቶ ብቻ ባለፉበት አገር ይህ ምን ያህል ጭንቀት እንደሆነ አስቡት። ከ2015 ጀምሮ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ የሰፈራችን ልጆች ብርድ ልብስ ተሸክመው ሄደው ጥቂት ሌሊት አድረው ይመለሱ ነበር። ለብዙዎቹ ዶርም ያደሩበት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጊዜ ያ ነው።

‹‹መምህር›› አሉኝ ቁጭ ብለው፤ ‹‹ካለፈች የት ብትሞላ ይሻላል ይላሉ?››

‹‹እሷስ ምን ትላለች፣ እትዬ?››

‹‹እሷማ ሩቅ ልሂድ ትላለች። ልጅ አይደለች! ምግቡን ችላ ትበላለች፣ እኔም በሶና ድርቆሽ እልካለሁ። መንገዱንም እግዜር ያውቃል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የምታድረው?››

ስለ ዩኒቨርሲቲ በተደረጉ ስንት ስብሰባዎች ላይ ተቀምጫለሁ። ይህን ጥያቄ ሲያነሣ የሰማሁት ሹምም፣ ባለሙያም፣ ፕሮፌሰርም የለም። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጥያቄያቸው ከፍርሃት የመጣ ነው፤ የእኔ ከናፍቆት። ቦታው ግን አንድ ነው። እኔ እኮ ሩቅ ትሂድ ማለት ነበር የሚያምረኝ። ከማታውቀው ሰው ጋር ትጣላ፣ ትታረቅ፣ አልጋ ትሸከም። ነገር ግን ገርበ ጉራቻ ላይ የቆመ አውቶቡስ ባለበት ወር፣ የሰው ልጅ ይዞ እንዲህ ማለት ይከብዳል። ‹‹ከእርስዎ ይልቅ ሊመልስ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር፣ እትዬ›› አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ወይም በደንብ ገብቷቸው ዝም አሉ።

ልጅቷ አለፈች። በዚያ ዓመት ከመቶ ከአምስት በጥቂት ከሚበልጡት መካከል ሆነች፤ ሰፈሩ ድንኳን አልጣለም እንጂ ደግሷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ እሱንም አለፈችና ከቤቷ እየተመላለሰች መማር ያዘች። ጠዋት ከአስኮ ታክሲ ትይዛለች፣ ፒያሳ ትወርዳለች፣ ሌላ ይዛ ስድስት ኪሎ ትገባለች። ማታ እራቷን ከአያቷ ጋር ትበላለች። አያት ደስ ብሏቸዋል፤ ሌሊት ከማን ጋር እንደምታድር ያውቃሉ።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በር ላይ አግኝቻት ስለ ጓደኞቿ ጠየቅኳት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ውጤቷም ደኅና ነው። ከክፍሏ ልጆች ከሰላምታ ያለፈ የምታውቃቸው ሦስት እንደሆኑ ነገረችኝ። የት የት ናቸው አልኳት። አንዷ ከዊንጌት ትሳፈራለች አለች፣ አንዷ ከጳውሎስ፣ አንዷ ከፓስተር።