«ብራውን» ሁሉ «ቡናማ» ነውን?

«ብራውን» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በአጫጭር የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዛግብተ ቃላት ዘወትር የሚፈታው በአንድ ቃል፣ ይኸውም «ቡናማ» በሚለው ነው። አቻው ስሕተት አይደለም፤ ለጨርቅ፣ ለጫማና ለግድግዳ ቀለም በሚገባ ያገለግላል። ነቀፌታችን ብቻውን በመቆሙ ላይ ነው። ተማሪ ይህን ፍች አምኖ «ቡናማ ፈረስ» ብሎ ቢተረጕም፣ ተወቃሹ ተማሪው ሳይሆን መዝገበ ቃላቱ ነው።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ብሩን» ሲባል የሚያመለክተው ጠቆር ያለውን ሁሉ ነበር፤ የብረትንም ብልጭታ ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1000 ዓ.ም. ገደማ በተጻፈ ብራና ተጠብቆ የቈየው «ቤዎልፍ» የተባለው የጀግንነት ግጥም የጩቤን ስለት በዚሁ ቃል ይገልጻል፤ ስለቱ ዝጓል ለማለት ግን አይደለም። መወልወል የሚል ፍች ያለው «በርኒሽ» የተባለው ግስም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የዛሬው «ብራውን» ከቀስተ ደመና ኅብር ውስጥ አይገኝም፤ በዙሪያው ካለው ብርሃን አንጻር ጨልሞ የሚታይ ብርቱካናማ ነውና።

በርሊንና ኬይ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት፣ ብዙ ባከራከረው ጥናታቸው፣ ለዚህ ቀለም የሚሰጠው መሠረታዊ ስያሜ በቋንቋዎች ውስጥ ከሰማያዊ በኋላ እንደሚፈጠር ገልጸዋል። ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ቀለሙን የሚጠራበት ቃል አጥቶ ከቡና ተበደረ የሚል ቢኖር ይሳሳታል። አማርኛ መስኩን በባለቤቱ ከፋፍሎ ይዞታል፦ ፈረሱ ዳማ ነው፤ ሰውየው ጠይም ወይም የቀይ ዳማ ነው፤ ፈዘዝ ያለው ቡላ ነው፤ ፖስታው ካኪ ነው። በእንግሊዝኛ «ብራውን ጤፍ» እየተባለ የሚጻፈውም በገበያችን ቀይ ጤፍ ነው። እንግሊዝኛው «ብራውን»ን ግስ አድርጎ ሽንኩርትን በስብ ሲያበስልበት፣ የእኛ ባለሙያ ሽንኩርቱን እስኪቀላ ታቁላላለች እንጂ «ቡናማ» አታደርገውም። (ቡናስ ራሱ በዛፉ ላይ ሲበስል ቀይ፣ ሲፈለፈል አረንጓዴ አይደለምን? ስሙን ለቀለም ያዋሰው የተቈላው ብቻ ነው።)

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቃሉ ለሰው ሲነገር ነው። በብሪታንያና በሰሜን አሜሪካ «ብራውን» በተለይ ከደቡብ እስያ የመነጩ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ማኅበረሰብ የሚጠሩበት ስያሜ ሆኗል። «ጠይም» ግን የአንድን ሰው መልክ ይገልጻል እንጂ ወገን አይለይም፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት እኅትማማቾች አንዷ ጠይም፣ ሌላዋ ቀይ ይባላሉ። ስለዚህ በዚህ አገባብ «ጠይም» ብሎ መተርጐም ጸሐፊው ያላለውን ማስባል ነው፤ «ቡናማ ሕዝብ» ማለትም ለጆሮ ይጐረብጣል። እዚህ ላይ «ብራውን» እንዳለ ተጽፎ በአጭር ማብራሪያ ቢታገዝ እንመርጣለን።

«ብራውን ስተዲ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ከቀለም ጋር ጨርሶ ግንኙነት የለውም። ጨለማንና ትካዜን የሚያመለክተው አሮጌው ትርጕም የቀረበት ሲሆን፣ በሐሳብ መዋጥ ማለት ነው።

እንግዲህ ለሚዘጋጀው መዝገበ ቃላት የምናቀርበው ሐሳብ፣ በ«ብራውን» ሥር ፍቹ በሚገልጸው ነገር እየተለየ እንዲሰጥ ነው፦ ለእንስሳ ዳማና ቡላ፣ ለሰው መልክ ጠይም፣ ለእህል ቀይ፣ ለወረቀት ካኪ፣ ለቀረው ቡናማ። ቦታ ይፈጃል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ የሚጨምረው ግን ከሦስት መሥመር አይበልጥም።