የመድፈኞች ቆዳ

የእንግሊዝ መድፍ በወሎ ምድር ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምቷል። ፊተኛው በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር የተራራ መድፎቹን በበቅሎ፣ ከባዶቹን በዝሆን አስጭኖ መቅደላ በወጣ ጊዜ ነው፤ ኋለኛው በእንግሊዝ ትእዛዝ ሥር የነበረው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በኮምቦልቻ ተራሮች ተዋግቶ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ከኢጣሊያ እጅ ባስለቀቀበት ወራት ነው። ይሁን እንጂ በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቆዳ ስሰፋ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት የሆነው የቀስት ማኅተም ያለበትን አሮጌ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያወሳው ፊተኛውን ብቻ ነው። ለዐፄ ቴዎድሮስ ካለው ፍቅር የመጣ ነውና አልፈርድበትም፤ ሆኖም ቆዳው የራሱ ምስክርነት አለው።

አስቀድሜ የምመረምረው ስፌቱን ነው። የአገራችን ባለሙያ በጠፍር ወይም በጅማት ሲሰፋ፣ የእንግሊዙ ኮርቻ ሰፊ ግን ሰም የጠጣ የተልባ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ እያሻገረ፣ ቀዳዳውን በወስፌ አጋድሞ እኩል ለእኩል ይወጋዋል። የተቆረጠው ጠርዝ እስከ ውስጡ ቡናማ ከሆነ በዛፍ ቅርፊት የለፋ ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከታየበት ግን የቅርብ ጊዜ የፋብሪካ ቆዳ ስለ ሆነ ባለቤቱን በትሕትና አሰናብተዋለሁ።

በመጠን ከሁሉ የምታንሰው፣ በምስክርነቷ ግን ከሁሉ የምትበልጠው የአውራ ጣት ሽፋን ናት። የመቅደላው ባለ 7 ፓውንድ የተራራ መድፍ ባሩዱንም ዐረሩንም በአፉ የሚጎርስ ስለ ነበረ፣ አንዱ መድፈኛ ባሩዱን ወደ ውስጥ ሲገፋ ሌላው በስተኋላ ያለውን የእሳት ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ይይዝ ነበር፤ ነፋስ በዚያ ቢገባ ከፊተኛው ተኩስ የተረፈውን ፍም አቀጣጥሎ አዲሱን ባሩድ ያፈነዳውና የገፊውን እጅ ይዞ ይሄዳልና። የጋለውን ብረት ራቁት ጣት አይችለውም፤ ስለዚህ በውስጡ ልባስ የተጠቀጠቀበት ቆዳ ያጠልቁ ነበር። በሆዷ ላይ የጠቆረ ክብ ጠባሳ ካገኘሁ ሌላ ማስረጃ አልሻም፤ በ1933 ዓ.ም. የመጡት መድፎች ከኋላ የሚጎርሱ ስለ ነበሩ በጣት የሚደፈን ቀዳዳ አልነበራቸውም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ ግን ክዳንና የትከሻ ማንገቻ ያለው ደረቅ የቆዳ ሣጥን፣ ማለት የመድፍ ማነጣጠሪያ መነጽር ቤት ነው። ከእነዚህ አንዱን አንድ ካህን የዳዊት ማኅደር አድርገውት ኖረዋል፤ እኔም ያለ ቦታው ዋለ አልልም። ቀስቱ በላቲን ‹ዩ› ፊደል ውስጥ ቆሞ ከታየ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ንብረት ነበረ፤ እንግዲህ መቅደላን አላየም ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችሁ ያለ ወገኖቼ፣ ቅቤ አትቀቡት፣ ቀለምም አታስነኩት፤ ቅባቱ የማኅተሙን ጎድጓዳ ይደፍነዋልና፣ ከነአቧራው አምጡት።