ጥፋቱ የማን ነው?

የቀድሞ የአሜሪካ ኔቪ ሲል መኮንኖቹ ጆኮ ዊሊንክና ሌፍ ባቢን በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ኤክስትሪም ኦነርሺፕ» የጦር ሜዳ አመራርን ለኩባንያ መሪዎች ያስተምራል። የስታርታፕ መሪዎች ይወዱታል። እኔም የመጀመሪያውን ምዕራፍ እወደዋለሁ።

2006፣ ራማዲ፣ ኢራቅ። በግርግር መሀል ወገን ወገኑን ጠላት መስሎት ይተኩሳል፤ አንድ የኢራቅ ወታደር ይሞታል፣ ሌሎች ይቆስላሉ። በኋላ ሁሉም ተሰብስቦ «ጥፋቱ የማን ነው?» ሲባል፣ ወታደሮቹ እየተነሱ «የእኔ ነው» ይላሉ። ዊሊንክ አይቀበላቸውም። አዛዡ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ይላል።

ልብ በሉ፣ ጥፋቱ የሄደው ወደ ላይ ነው፤ ማዕረግ ወዳለው ሰው።

ስታርታፕ ቢሮ ሲደርስ አቅጣጫው ይገለበጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሰርቨር ወደቀ ተብሎ የሚቀሰቀሰው ጁኒየር ዴቨሎፐር «ኦነርሺፕ ይኑርህ» ይባላል። የማስረከቢያውን ቀን የቆረጠው እሱ አይደለም። ቴስት እንጻፍ ሲል «አሁን ጊዜ የለም» ያለውም ሌላ ሰው ነው። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ባለቤት ማለት እኮ ባለ ቤት ነው። አንድ አክሲዮን የሌለው ልጅ የየትኛው ቤት ባለቤት ይሁን?

መጽሐፉም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አለቃህ የሚያስፈልግህን ካልሰጠህ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ ይላል፤ ለሰነፍ አለቃ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ደግሞ የጦርነቱ ክፍል ስምና ዋጋ አለው፦ ማርክ ሊና ማይክል ሞንሱር እዚያው ራማዲ ሞተዋል። የቢዝነሱ ክፍል ግን ስም የለሽ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ይከራከራል፣ ይመከራል፣ ነገሩ ይስተካከላል። ኮዱን የጻፈው ሰው ቴስቱንም ራሱ ጽፎ «አለፈ» ሲል ማለት ነው።

ለእኛ ሥራ የሚቀርበው የሰርጓጅ መርከብ አዛዡ የዴቪድ ማርኬ «ተርን ዘ ሺፕ አራውንድ!» ነው። ማርኬ በ1999 ሳንታ ፌን ሲረከብ መርከቧን በደንብ አያውቃትም። በልምምድ ላይ ሞተሩ ጭራሽ የሌለውን ፍጥነት ያዛል። መኮንኑ እንደሌለ እያወቀ ትእዛዙን ያስተላልፋል። ለምን ቢባል፣ አንተ ስላዘዝከኝ። ማርኬ ከዚያ ወዲያ ማዘዙን ተወ፤ መኮንኖቹ ራሳቸው «መርከቧን ላሰጥም... ማለቴ ከውኃ በታች ላወርዳት አስቤያለሁ» ዓይነት ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ያጸድቃል። (ቀልዱ የእኔ ነው።) ኃላፊነቱ ሲወርድ መወሰኑም አብሮ ወረደ።

ለአለቃ ስጦታ የምገዛው ይሄንን ነው። የዊሊንክን የመጀመሪያ ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ውስጡ አኖርለታለሁ።