ድምፃዊትና ሙዚቀኛ፤ የሴቶች ውክልና በመድረክ አሰላለፍ ከጋሞ ሲታይ

1. መነሻ

አርባ ምንጭም ሆነ አዲስ አበባ፣ የዝግጅት መሪው በመድረክ ላይ ያሉትን ሙያተኞች ለተመልካች ሲያስተዋውቅ የሚጠቀምበት አነጋገር የታወቀ ነው። «በኪቦርድ እገሌ፣ በቤዝ ጊታር እገሌ፣ በድራም እገሌ» ይልና «ተወዳጇ ድምፃዊት እገሊት» ሲል ይደመድማል። ወንዶቹ በያዙት መሣሪያ፣ ሴቷ በድምፅዋ ትጠራለች። ወንድ ድምፃዊም በድምፁ መጠራቱ እርግጥ ነው፤ በመሣሪያ ስም የምትጠራ ሴት ግን እምብዛም አትሰማም።

«ሙዚቀኛ» የሚለው ቃል በሰዋስው ረገድ ፆታ አይለይም። «እሷ ሙዚቀኛ ናት» ብንል አንዳች ስሕተት የለበትም። በአጠቃቀም ረገድ ግን «ሙዚቀኛ» ሲባል መሣሪያ የያዘው ወንድ፣ «ድምፃዊት» ሲባል ማይክራፎን የያዘችው ሴት ወደ አእምሯችን ይመጣሉ። ሰዋስው ያልከለከለውን ልማድ ከልክሎታል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመድረክ ላይ ስንት ሴቶች አሉ ብሎ ለመቁጠር አይደለም። ሴቶች ከመድረካችን ጠፍተው አያውቁምና ቆጠራው ብዙ አያስተምረንም። ጥያቄው የትኛውን ቦታ ይዘው ይታያሉ የሚለው ነው። ለዚህም አስቀድሜ የሀገራችንን የባንድ ልማድ፣ ቀጥዬም በጋሞ ደጋ ያለውን የዘፈን አሠራር እመለከታለሁ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለመመዘን የሚረዳ ይመስለኛልና ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ብቻዋንና ከቡድን ጋር

«የሀገራችን ሴት መሣሪያ አትጫወትም» የሚለው አባባል በማስረጃ ሲፈተሽ አይቆምም። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። በዘመናችንም ሶስና ገብረ ኢየሱስ በበገና መዝሙሯ ትታወቃለች። ሜሪ አርምዴ በክራሯ ስሟን ተክላለች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በፒያኖ ድርሰታቸው ከሀገር አልፈው በዓለም ታውቀዋል። አስናቀች ወርቁም ከቀደምት ሴት ተዋናዮቻችን አንዷ ከመሆኗ ሌላ ክራሯን ራሷ እየመታች ታንጎራጉር ነበር።

እነዚህን ሴቶች በአንድነት ስንመለከት አንድ የጋራ ባሕርይ ይወጣል። ሁሉም በዋናነት የሚታወቁት ለብቻቸው በመጫወት ነው። በገናም፣ ክራርም፣ ፒያኖም በእነዚህ እጆች ውስጥ ራስን ማጀቢያ ወይም የብቻ ማሰላሰያ ነው። ከሌሎች መካከል አንዱን ወንበር ይዘው ሲጫወቱ የምናስታውሳቸው አይደሉም።

ወደ ቡድኑ ስንመለስ ተቃራኒውን እናገኛለን። ብዙነሽ በቀለ በክብር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ፊት ቆመው ትውልድ ያልረሳው ዜማ አሰምተዋል፤ ከኋላቸው የተቀመጡት ነፊዎችና መቺዎች ግን ወንዶች ነበሩ። ልማዱ በአዲሱ ትውልድም አልተቋረጠም። በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ያወጣው ጃኖ ባንድ ከአራት ድምፃውያኑ ሁለቱ ሴቶች ስለነበሩ በቁጥር ረገድ የሚመሰገን ነው፤ መሣሪያዎቹ ግን በወንዶች እጅ ነበሩ። በአዝማሪ ቤትም እሱ መሰንቆውን ይዞ እሷ ስታዜም ማየት የተለመደ ነው።

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ እንዲህ ለማለት ይቻላል፤ ሴቷ መሣሪያ ስትይዝ ብቻዋን ናት፤ በቡድን ስትቆም ደግሞ መሣሪያ የላትም። የተዘጋባት መሣሪያው ሳይሆን የባንዱ ወንበር ነው።

አስናቀች ወርቁን የሚመለከት አንድ ርእስ ይህንኑ ያጠናክራል። «ኢትዮጲክስ» በተባለው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጽ ሆኖ በ2003 የወጣው ሥራዋ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባለ ክራሯ እመቤት» እንደ ማለት ነው። ርእሱ በአክብሮት የተሰጠ ለመሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና አንድ ወንድ ክራር መቺ «ባለ ክራሩ ጌታ» ተብሎ ሲጠራ አንሰማም። ውዳሴው ራሱ እሷን ከልማድ የወጣች ብርቅ አድርጎ ይቆጥራታል።

3. ወንበሩ ከየት መጣ?

ብዙ ጊዜ ለዚህ ሁሉ ተጠያቂ የሚደረገው «ባህል» ነው። ታሪኩን ስንመረምር ግን ዘመናዊው የባንድ አሰላለፍ የቆየ ባህል ሳይሆን የወታደር ቤት ልጅ መሆኑን እንረዳለን። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን «አርባ ልጆች» በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃ ሲያሰሙ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው የተስፋፋው በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ክፍሎች ነው። በእነዚህ ክፍሎች ትራምፔት መማርና ወታደር መሆን የማይነጣጠሉ ነገሮች ነበሩ። ሴቷ ወደዚህ ቤት የገባችው በድምፅዋ ተጠርታ እንጂ ለወንበሩ ታጭታ አልነበረም። የኋለኞቹ የሆቴልና የክበብ ባንዶች የተፈጠሩበትን ተቋም ቢተዉም አሰላለፉን ወረሱ።

ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በሩን ለሴቶችም ከከፈተ ዘመናት አልፈዋል። ሆኖም ሥልጠናው ተከፍቶ ወንበሩ ካልተከፈተ ተመራቂዋ የምታገኘው ሥራ ማስተማር ወይም ማዜም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል፣ ስመ ጥሩው የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ሴትን በሙሉ አባልነት የተቀበለው በ1997 ነው። በአሜሪካ ደግሞ በርካታ ኦርኬስትራዎች ተፈታኙን ከመጋረጃ ጀርባ አድርገው መምረጥ ጀመሩ። ክላውዲያ ጎልዲንና ሲሲሊያ ራውስ በ2000 ባሳተሙት ጥናት መጋረጃው ለሴቶች መመረጥ ማገዙን ተከራክረዋል። የጥናቱ የአኃዝ ጥንካሬ በኋላ አከራካሪ ቢሆንም መሠረታዊ ሐሳቡ ለእኛም ይጠቅማል፤ ዳኛው ጆሮ ከሆነ የተጫዋቹ አካል ምስክር ሊሆን አይገባውም።

4. ከጋሞ ደጋ የሚገኝ ትምህርት

አሁን ወደ ጋሞ እንሻገር። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ሲወጣ የሚገኙት ዶርዜዎች በሽመናቸው የታወቁትን ያህል በዝማሬያቸውም በሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ ስም አላቸው። ፈረንሳዊው በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ዝማሬያቸውን በቦታው ቀርጾ በሸክላ አሳትሟል። የተመራማሪዎችን ጆሮ የሳበው ዘፈኑ ከአንድ በላይ ዜማዎች በአንድ ጊዜ ተደራርበው የሚሰሙበት መሆኑ ነው። በሰሜኑ ልማድ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ዜማው ግን አንድ ነው። በዶርዜው ዝማሬ አንዱ ድምፅ ከሌላው የተለየ ድርሻ አለው፤ አንዱ ድርሻ ቢጎድል ዘፈኑ ይጎድላል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በባንዱ አሰላለፍ ድምፅና መሣሪያ ሁለት የተለያዩ ማዕረጎች ናቸው፤ ድምፅ ፊት ለፊት ይታያል፣ መሣሪያ ከኋላ ሆኖ ሥራውን ይመራል። በዶርዜው ዝማሬ ግን ድምፁ ራሱ የመሣሪያውን ሥራ ይሠራል። ምቱን የሚይዘው፣ ሌላውን የሚያጅበው፣ ክፍተቱን የሚሞላው የሰው ጉሮሮ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ «እሷ ዘፋኝ ብቻ ናት» ለማለት አይመችም፤ መዝፈን ማለት የቡድኑን አንድ ወንበር መያዝ ነውና።

ይህ ማለት ግን ጋሞ ውስጥ የፆታ ክፍፍል የለም ማለት አይደለም። ሽመናው ብቻ በቂ ምስክር ነው። ጥጡን የምትፈትለው ሴቷ ናት፤ የሚሸምነው ወንዱ ነው። ያለ ፈትል ድርም ማግም የለም። ይሁን እንጂ ጨርቁ ከደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ ወይም ሽሮ ሜዳ ገበያ ሲወጣ የሚነሳው የሸማኔው ስም ነው። «ፈታይ» የሚለው ቃል በአማርኛ ቢኖርም እንደ «ሸማኔ» የሙያ መጠሪያ ሆኖ ሲያገለግል ብዙም አይሰማም። በመድረክ ላይም የሚያሰጋን ይኸው ነው፤ ሥራው የጋራ ሆኖ ስሙ የአንድ ወገን መሆኑ።

ሥጋቱ ምናባዊ አይደለም። የገጠሩ ዝማሬ ወደ ከተማ መድረክ ሲመጣ በተለመደው የባህል ቡድን መልክ ይቀረጻል። ተደራራቢዎቹ ድምፆች በኪቦርድ ይተካሉ። ኪቦርዱን ወንድ ይይዛል። ድምፃቸውን ያጡት ሴቶች ደግሞ ደማቅ ልብስ ለብሰው በውዝዋዜ ከፊት ይሰለፋሉ። ተመልካቹ ብዙ ሴቶች ስላየ ውክልና ተሟልቷል ይላል። ነገር ግን አንድ የሙዚቃ ወንበር የነበራት ሴት ወንበሩን አጥታ መታያ ብቻ አግኝታለች። ይህ በኑሮም ረገድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የመሣሪያ ተጫዋች እስከ ሽምግልና በሙያው ሊኖር ይችላል፤ የተወዛዋዥ የሥራ ዕድሜ ግን አጭር ነው።

5. ማጠቃለያ

ለዚህ ሁሉ የሙዚቃ ሰዎችን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። እኛም የሥነ ቃል ተማሪዎችና መምህራን ድርሻ አለን። ዘፈን ስንሰበስብ ግጥሙን እንጽፋለን፣ እንተረጉማለን፣ በይዘት እንመድባለን። ቃል የሌለው ድምፅ በወረቀታችን ላይ ቦታ የለውም። እንደ ዶርዜው ያለውን ዝማሬ በዚህ መንገድ ስንመዘግብ ግን ግጥም ያወጣውን አንድ ሰው ብቻ አስቀርተን ዘፈኑን ያቆሙትን ሌሎች ድምፆች እንሰርዛለን። ከተሰረዙት መካከል ሴት ትኑር ወንድ ወረቀቱ ሊነግረን አይችልም።

ስለዚህ በአርባ ምንጭ ዙሪያም ሆነ በሌላ አካባቢ ለመስክ ሥራ የሚወጣ ተማሪ ከግጥሙ ጎን ሦስት ነገሮችን ቢመዘግብ መልካም ነው፤ የትኛውን የድምፅ ድርሻ ማን እንደያዘ፣ የትኛውን መሣሪያ ማን እንደነካ፣ እያንዳንዱም በአካባቢው ቋንቋ በምን ስም እንደሚጠራ። ሦስተኛው በተለይ የእኛ ሙያ ነው። ስም የሌለው ሥራ ደመወዝም ሆነ ታሪክ ሊኖረው እንደማይችል የፈታይዋ ነገር አስተምሮናልና። «ሙዚቀኛ» የሚለው ቃል ከጥንቱም ፆታ አልለየም። ቃሉን ለሚገባት ሁሉ መስጠት አዲስ ሰዋስው አይጠይቅም፤ ወንበሩን ለማየት ፈቃደኛ መሆንን ብቻ ይጠይቃል።