መጣልን የሚያውቁ እጆች

ፖከር በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው አእምሮው ውስጥ የሚቀርለት አብዛኛውን ጊዜ ያለውን ቺፕ ሁሉ ወደ መሃል ገፍቶ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ የሚጠብቀው ተጫዋች ነው። እኔ ግን ኦማሃ የሚባለውን የፖከር ዓይነት ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ካርታዎቹን በጸጥታ ወደ አዳዩ በሚመልሰው ሰው ላይ ነው። የዚህ ጨዋታ ረቂቅ ሙያ ያለው እዚያ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል።

በሰፊው በሚታወቀው ቴክሳስ ሆልደም እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይይዛል፤ በኦማሃ አራት። ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ደግሞ መሃል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ላይ፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻ ሌላ አንድ። ተጫዋቹ ከእጁ የግድ ሁለት፣ ከመሃል የግድ ሦስት ወስዶ አምስት ካርታ ያሟላል። ከአራቱ ሁለት የሚመረጥበት ስድስት መንገድ፣ ከአምስቱ ሦስት የሚመረጥበት 10 መንገድ ስላለ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሰው 60 አማራጭ አለው ማለት ነው። ሲጀመር ሊደርሰው የሚችለው የካርታ ስብስብም በሆልደም 1,326 ሲሆን በኦማሃ 270,725 ይደርሳል።

ከዚህ የተነሣ «ጥሩ እጅ» የሚባለው ነገር ሁሉ ዋጋው ይወርዳል። በሆልደም ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ኬ የያዘውን ከአምስት ጊዜ አራቱን ያህል ያሸንፋል። በኦማሃ ከሁሉ የላቀው መነሻ ሁለት አስና ሁለት ኬ በምልክት ተጣምረው (ሁለቱ በአንድ፣ ሁለቱ በሌላ ምልክት) ሲመጡ ነው። እርሱ እንኳ 7፣ 8፣ 9 እና 10 በምልክት ተጣምረው ከያዙት ሰው ጋር ሲገጥም ብልጫው ወደ 60 ለ 40 የተጠጋ ነው። በዚያ ላይ በኦማሃ የተለመደው ፖት ሊሚት ነው፤ ማንም ከመሃሉ ክምችት (ከፖቱ) በላይ መጨመር አይችልም። መሃል 100,000 ቺፕ ቢኖርና ከፊት ያለው 40,000 ቢያስይዝ፣ ቀጣዩ ከፍ ሊያደርግ የሚችለው እስከ 220,000 ብቻ ነው። ስለዚህ ተቃዋሚን በአንድ ምት አስፈራርቶ ማስወጣት ይከብዳል። ክምችቱ ደረጃ በደረጃ ያብጣል፤ መጀመሪያ ላይ የተሠራች ትንሽ ስሕተትም አብራ ታድጋለች።

አንድ አጋጣሚ በዝርዝር ልውሰድ። መሃል ላይ የልብ 9፣ የልብ 8 እና ሌላ ምልክት ያላት 7 ተገለጡ እንበል። ጄና 10 የያዘ ሰው ከ7 እስከ ጄ የተደረደረ አምስት ካርታ ሞልቶለታል። በዚያች ቅጽበት የሚበልጠው እጅ በጠረጴዛው ላይ ሊኖር አይችልም። የቀሩት ሁለቱ ካርታዎቹ ግን 4 እና 3 ናቸው፤ ከአራቱም ውስጥ ልብ የለም፣ የ7ቷም ምልክት የለም። ተቃዋሚው እንዲሁ ጄና 10 ይዞ፣ በላዩ የልብ አስና የልብ ኬ አለው። አሁን ሁለቱ እኩል ናቸው። ከሚቀሩት ሁለት ካርታዎች አንዱ ልብ ከሆነ ግን ሁለተኛው አምስት ልብ፣ ማለትም ፍለሽ፣ ሞልቶለት ሁሉንም ይጠቀልላል፤ ይህ የመሆኑ ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው። ልብ ካልመጣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይካፈላሉ። የመጀመሪያው ሰው ብቻውን የሚያሸንፍበት አንዲት መንገድ የለችም።

ይህ ሰው ለጊዜው ወደር የሌለውን እጅ ይዟል፤ ትክክለኛው ውሳኔ ግን መጣል ሊሆን ይችላል። በውድድር የተበላ ቺፕ በቀላሉ አይተካም፤ ብዙ ጊዜም የወጣ ወጣ ነው። ጥንቁቅ የሚባል ተጫዋች ደጋግሞ ሙሉውን ፖት ሲያስይዝበት «ይህ ሰው እኔ ያለኝ አለው፣ በላዩም ሌላ ነገር አለው» ብሎ ማንበብና ያን ያማረ እጅ መተው ይጠበቅበታል። ከዚህ የሚበልጥ ራስን የመግዛት ሥራ በካርታ ጨዋታ ውስጥ አላየሁም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ጥበብም አለ። መሃል ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሦስት ካርታዎች ሲወጡ፣ የዚያን ምልክት አስ ብቻዋን የያዘ ሰው ምንም አልሞላለትም፤ ከእጁ ሁለት ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ትልቁን ፍለሽ ሌላ ማንም ሊይዝ እንደማይችል ከእርሱ በቀር በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። በዚህች እውቀት ተማምኖ ሙሉ ፖት ያስይዛል። ኬን ይዞ ፍለሽ የሞላለት ሰው ፊቱን በእጁ ደግፎ ያስባል፣ ያሰላል፣ በመጨረሻም ይጥላል። ስክሪኑ የሁለቱንም ካርታ ስለሚያሳየን የማታለሉን ንጽሕና እናያለን።

ይህን ማየት የቻልነው በካርታ ካሜራው ነው። ተጫዋቹ ፊል አይቪ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ለአሸናፊ የሚሰጠውን አምባር ለመጀመሪያ ጊዜ በፖት ሊሚት ኦማሃ ሲወስድ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ መጨረሻ ላይ ያሸነፈውም አንጋፋውን አማሪሎ ስሊምን ነው። በዚያ ጠረጴዛ ምን ምን ተጣለ? ካርታቸውን የሚያሳይ ካሜራ ስላልነበረ የቀረልን ውጤቱ ብቻ ነው። ቴክኖሎጂው ግን ቀድሞ ነበረ፤ ከሆሎኮስት የተረፈው የአሻንጉሊት ፈጣሪ ሄንሪ ኦረንስታይን የካርታ ካሜራን ፓተንት ያስመዘገበው በ1995 ነበር። በእንግሊዝ ቻናል 4 «ሌት ናይት ፖከር» የተባለው ፕሮግራምም በ1999 የተጫዋቾችን ካርታ ለተመልካች ማሳየት ጀምሮ ነበር። በ2008 ፊል ጋልፎንድ፣ እርሱም በ23 ዓመቱ፣ ዝነኞቹን ተጫዋቾች ሄልሙትን፣ ኔግሪያኑንና ቤንያሚንን ባካተተው የ5,000 ዶላር የኦማሃ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ 817,781 ዶላር ሲያሸንፍ ግን ጨዋታው በኢኤስፒኤን ታይቷል።

ሰውነትም የሥራው አካል ነው። ልምድ ያነሰው ተጫዋች ሦስተኛ ልብ መሃል ላይ ስትወጣ ምልክቱን ለማረጋገጥ አራቱን ካርታዎቹን እንደገና ገልጦ ያያል፤ በዚያው ምስጢሩን ሰጠ። የበቃው አንድ ጊዜ አይቶ ይይዛቸዋል። እንግሊዛዊውን ስቲቨን ቺድዊክን እዩ፤ ዝም ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ተቃዋሚውን ያያል፤ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም የእጁ እንቅስቃሴ ያው ነው። በ2019 በላስ ቬጋስ በተደረገው የ25,000 ዶላር የኦማሃ ውድድር፣ 278 ምዝገባ በነበረበት፣ የመጀመሪያ አምባሩንና 1,618,417 ዶላር ወስዷል።

እንግዲህ የኦማሃ የመጨረሻ ጠረጴዛ ሲተላለፍ ካጋጠማችሁ፣ ስክሪኑ ላይ የማሸነፍ ዕድልን የሚያሳየውን የመቶኛ ቁጥር ለጥቂት ዙር በእጃችሁ ሸፍኑት። የአንዱን ተጫዋች አራት ካርታዎች ብቻ ተመልክታችሁ እናንተ ብትሆኑ ምን እንደምታደርጉ ወስኑ፣ ከዚያ እርሱ ያደረገውን እዩ። በተለይ ሁለቱ ሲፋለሙ ቀድሞ የወጣውን ሦስተኛውን ሰው አትለፉት፤ ምን ይዞ እንደጣለ ተመልከቱ።